ከካናዳ ዜጋ ባለቤትዎ ጋር አዲስ አበባ እየኖሩ ፒአርዎን (ቋሚ ነዋሪነትዎን) ላለማጣት፦ ከቀን ቆጠራ እስከ ጉዞ ሰነድ

በስልክም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የትርጉም ቢሮዬ በአካል በመምጣት ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ፒአር ካርዴ እዚህ እያለሁ ኤክስፓየር አደረገ። ባለቤቴ የካናዳ ዜጋ ነው፣ አብረን ነው የምንኖረው። ፒአሬ ተቃጠለ ማለት ነው?»

አልተቃጠለም። የካርዱ ጊዜ ማለፍ ሌላ፣ የቋሚ ነዋሪነት መብት መጥፋት ሌላ ነው። ካርዱ መብትዎን የሚያሳይ መታወቂያ ነው፤ መብቱ ራሱ የሚጠፋው የነዋሪነት ግዴታዎን አልተወጡም የሚል ውሳኔ ተሰጥቶ ሲጸና፣ የማስወጣት ትእዛዝ ሲጸናብዎት፣ በገዛ ፈቃድዎ ሲተዉት ወይም ዜግነት ሲያገኙ ነው። ከካናዳ ዜጋ ባለቤትዎ ጋር ውጭ አገር አብረው የኖሩበት ቀን ደግሞ ካናዳ ውስጥ እንደኖሩበት ቀን ይቆጠራል። ነገር ግን የጋብቻ ወረቀት ብቻውን አንድ ቀን እንኳ አያስቆጥርም። የሚቆጠረው በአንድ ቤት የኖሩበት ቀን ነው፤ ያንን በማስረጃ ማሳየት ያለብዎት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ከታች በጣም የማብራራው የአድራሻ ማስረጃውን ነው።

ይህ መመሪያ ለካናዳ ብቻ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ሕግ የተለየ ስለሆነ ከዚህ ላይ ወስደው አይጠቀሙበት።

ሕጉ በአጭሩ

በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ፣ አንቀጽ 28፣ ቋሚ ነዋሪ በየ5 ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እንዲያሟላ ያዛል። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ካናዳ ውስጥ የተገኙበት ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት ቢሆንም፣ እንደ ሙሉ ቀን ይያዛል። ፒአር ካገኙ 5 ዓመት ካልሞላዎት የሚታየው እስከ 5ኛ ዓመትዎ ድረስ 730 ቀን ማሟላት መቻልዎ ነው። 5 ዓመት ካለፈዎት ግን ከማመልከቻው ቀን ወደኋላ ያሉት 5 ዓመታት ብቻ ይመረመራሉ። ከዚያ በፊት ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ 10 ዓመት ቢኖሩም ለዚህ ቆጠራ አይጠቅምዎትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁለታችሁም ፓስፖርቶች፣ በ5 ዓመቱ ውስጥ የተጠቀማችሁባቸው በሙሉ (ያረጁትም ጭምር)፣ የሁሉም ገጽ ቅጂ
- ፒአር ካርድዎና ካናዳ ሲገቡ የተሰጠዎት የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀት
- የባለቤትዎ የዜግነት ምስክር ወረቀት (ዜግነቱ የተገኘበት ቀን የሚታይበት)
- የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ልጆች ካሉ የልደት ምስክር ወረቀታቸው
- የ5 ዓመቱ የአድራሻ ማስረጃ፣ የሁለታችሁም
- የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ፣ ካለዎት የካናዳ የግብር ማስታወቂያ
- በመመሪያው ልኬት የተነሡት ፎቶ
- 50 የካናዳ ዶላር የሚከፈልበት ዓለም አቀፍ ካርድ
- ቀኖቹን የሚመዘግቡበት ሰንጠረዥ፤ ወረቀትም ኤክሴልም ይሆናል

ደረጃ 1፦ መስኮቱን (የሚመረመሩትን 5 ዓመታት) ይወስኑና ቀኖቹን ይቁጠሩ

ማመልከቻውን የሚያስገቡበትን ቀን ያስቡና ከዚያ ልክ 5 ዓመት ወደኋላ ይሂዱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ወቅት ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ፦ ካናዳ የነበሩበት፣ ውጭ አገር ከባለቤትዎ ጋር የኖሩበት፣ ውጭ አገር ያለ ባለቤትዎ የኖሩበት። ሦስተኛው አይቆጠርም።

ምሳሌ ልስጥ። አንዲት እናት ማርች 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ታመለክታለች እንበል። መስኮቷ የሚጀምረው ማርች 1 ቀን 2021 ነው። እስከ ኦገስት 31 ቀን 2021 ቶሮንቶ ነበረች፦ 184 ቀን። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዜጋ ከሆነው ባለቤቷ ጋር አዲስ አበባ ገብተው እስከ 2022 መጨረሻ አብረው ኖሩ፦ 487 ቀን። ከዚያ ባለቤቷ ለሥራ ወደ ካናዳ ተመልሶ እሷ ከልጆቹ ጋር እዚህ ቀረች። ኤፕሪል 1 ቀን 2025 ተመልሶ መጣና እስከ ማመልከቻው ዋዜማ አብረው ናቸው፦ 334 ቀን። ድምሩ 1005 ነው። ከ730 በላይ ስለሆነ ግዴታዋን አሟልታለች።

ባለቤቷ የሌለበት ጊዜ 821 ቀን ነው። ያንን ደምራ «5 ዓመቱን ሙሉ አብረን ነበርን» ብትጽፍ ኖሮ፣ የባለቤቷ ፓስፖርት ላይ ያለው ማኅተም ውሸታም ያደርጋት ነበር። ሳያስፈልጋት! የሚያጠራጥሩ ቀኖችን ያለመቁጠር ልማድ ይኑርዎት። ባለቤትዎ ለአጭር ጊዜ ብቻውን የሄደበት ጉዞ የጋራ ኑሮን ላያቋርጥ ይችላል፤ ያለ እነዚያ ቀኖች 730 የሚሞላልዎት ከሆነ ግን ለምን ክርክር ይከፍታሉ?

ደረጃ 2፦ ሁለት ቀኖችን ያጣሩ

አንደኛው ባለቤትዎ ዜጋ የሆነበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት እሱም እንደ እርስዎ ቋሚ ነዋሪ ስለነበረ አብሮ መኖራችሁ በዚህ መንገድ አይቆጠርም። ቋሚ ነዋሪ ብቻ የሆነ የትዳር ጓደኛ ቀን የሚያስቆጥረው ውጭ የሚሠራው ለካናዳ ድርጅት ወይም ለካናዳ መንግሥት በሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ ከሆነ ነው።

ሁለተኛው የተጋባችሁበት ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ተጋብታችሁ በሲቪል ምዝገባ ካላስመዘገባችሁ፣ ወረዳችሁ ባለው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ምስክር ወረቀቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ይጻፋሉ። ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሳይነሡ ያንብቡት። የሠርጉ ቀን ቦታ ላይ የምዝገባው ቀን ተጽፎ ከወጣ ዓመታትዎ ይጠፋሉ፤ እዚያው ማሳረም በኋላ ከማስረዳት ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ያንብቡ

የእርስዎንና የባለቤትዎን መግቢያና መውጫ ማኅተሞች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በሁለት ዓምድ ይጻፉ። መርማሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ዓምዶች አብረው የሚሄዱበት ጊዜ የሚቆጠርልዎት ነው፤ የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የቦሌ ማኅተም የደበዘዘ ከሆነ ወይም አሮጌው ፓስፖርት ከጠፋ፣ የአየር መንገድ ኢ-ቲኬት፣ የሼባ ማይልስ የጉዞ ዝርዝር ወይም የመሳፈሪያ ወረቀት ያያይዙ። ካናዳ በአየር የሚወጡ መንገደኞችን መረጃ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚይዝ፣ የራስዎን የጉዞ ታሪክ ከካናዳ የድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ መጠየቅ ይችላሉ። መልሱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ በአንድ ቤት መኖራችሁን ያሳዩ

የኢሚግሬሽን ደንቡ «አብሮ መሆን» የሚለውን የሚተረጉመው ከዜጋው ጋር በመደበኛነት አብረው በሚኖሩበት በእያንዳንዱ ቀን ነው። ስለዚህ ማስረጃው የሁለታችሁንም ስም ከአንድ አድራሻ ጋር ማገናኘት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚከብድባቸው ምክንያቶች አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመብራትና የውኃ ቆጣሪ በአብዛኛው በአከራይ ስም ነው። ቢሉን ብቻ ማቅረብ ምንም አያሳይም። ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር አያይዘው ሲያቀርቡት ግን የአከራዩ ስም በሁለቱም ላይ ስለሚገኝ ትርጉም ይኖረዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በወረዳ ስለሚመዘገብ፣ የተመዘገበና ማኅተም ያረፈበት ውል ካለዎት ከሁሉ የተሻለ ነው። ውሉ በአንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው እድሳት ሁለታችሁም ተከራይ ሆናችሁ እንድትገቡ አድርጉ። ላለፈው ጊዜ ግን የድሮ ቀን የተጻፈበት አዲስ ውል አታዘጋጁ። ስለዚህ ከታች እመለስበታለሁ።

የወረዳ መታወቂያ የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊ ነው። የካናዳ ዜግነት የወሰደ ባለቤትዎ በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ ስለሆነ፣ ዜግነት ከመውሰዱ በፊት ያወጣውን አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በእሱ በኩል የሚያገለግለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው (ቢጫ ካርዱ)፣ ቢጫ ካርድ ከሌለው ደግሞ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ያሳደሰበት ወረቀት ሁሉ ነው። በቱሪስት ቪዛ እየገባ እየወጣ የኖረ ሰው የቪዛ ማራዘሚያ ደረሰኞቹን መጣል የለበትም፤ እዚህ የነበረበትን ወር ከወር ያሳያሉና።

ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ብዙ ናችሁ። አራት ኪሎ ወይም ልደታ እናትዎ ቤት አንድ ክፍል ይዛችሁ የምትኖሩ ከሆነ የኪራይ ውል አይኖርም። እናትዎ የቤቱን ካርታ ወይም የቀበሌ ቤት ውላቸውን ቅጂ አያይዘው፣ ሁለታችሁ ከመቼ እስከ መቼ አብረዋቸው እንደኖራችሁ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርበው ቃለ መሐላ ይፈርሙ። የቤተሰብ ቃል ብቻውን ደካማ ስለሆነ ከሥር ገለልተኛ ወረቀት ይጨምሩበት፦ ሁለታችሁንም ወላጅ ብሎ የሚጠቅስ የልጆች ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ አድራሻ የያዘ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የጤና መድን።

ፒያሳና ካዛንቺስ የነበራችሁ፣ ሰፈሩ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲነሣ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የሄዳችሁ፦ አሁን ያላችሁበት ወረዳ የሚጽፍላችሁ ከገባችሁበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ለቀድሞው ዘመን የመነሻ ወይም የምትክ ቤት ደብዳቤውን፣ ከቀድሞው ወረዳ የወጣውን መሸኛ ቅጂና የድሮውን ውል ያቅርቡ። ቤቱ ባይኖርም ወረቀቱ አለ፤ መዝገቡ ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደተዛወረ ክፍለ ከተማው ይነግርዎታል።

በመጨረሻም ማስረጃዎቹን በዓመት ደርድሯቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ ሁለት ወረቀት፣ አንዱ የእርስዎ አንዱ የባለቤትዎ፣ ይኑር። ለ2023 ሃያ ወረቀት ኖሮ ለ2024 ምንም ከሌለ፣ መርማሪው የሚያየው ባዶውን ዓመት ነው።

ደረጃ 5፦ ትርጉም፣ የቀን አቆጣጠርና የስም አጻጻፍ

በአማርኛ ያለ ሰነድ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ከዋናው ቅጂ ጋር ይቀርባል። ተርጓሚው ራስዎ ወይም ዘመድዎ መሆን የለበትም። እዚህ አገር የሚሠራ ተርጓሚ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በቃለ መሐላ ማረጋገጥ አለበት፤ ማኅተም ብቻ አድርጎ ከሰጠዎት ቃለ መሐላውን ይጠይቁ።

የቀን ልወጣን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉ ቀኖች በአንድ ቀን ይገፋሉ። ለምሳሌ ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ የ2012ቱ ጥምቀት ግን የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ነበር። በልማድ የሚለውጥ ተርጓሚ የሠርግ ቀንዎን በአንድ ቀን ያሳስተዋል፤ ከዚያ በቅጹ ላይ ከሞሉት ጋር አይገጥምም።

ስምም እንዲሁ ነው። «ፀጋዬ» በፓስፖርት በአንድ ፊደል፣ በባንክ በሌላ ፊደል ይጻፋል። ተርጓሚው የፓስፖርቱን አጻጻፍ እንዲከተል ፓስፖርቱን ይስጡት። ባንኩ ላይ ያለውን ልዩነት በደብዳቤዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። የእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ የስማችሁ አለመመሳሰል ጥርጣሬ እንዳይፈጥር ይህንንም ይጥቀሱ።

ደረጃ 6፦ ማብራሪያ ደብዳቤ

ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መቼ ካናዳ ገቡ፣ መቼ ተጋባችሁ፣ ባለቤትዎ መቼ ዜጋ ሆነ፣ መቼና እንዴት ወደ አዲስ አበባ መጣችሁ፣ የት የት ኖራችሁ፣ የተለያያችሁበት ጊዜ የትኛው ነው። በአንዳንድ ይግባኞች ላይ «ማን ማንን ተከትሎ ወጣ?» የሚል ክርክር ስለተነሣ፣ አብራችሁ ከመጣችሁ አብራችሁ መምጣታችሁን፣ እርስዎ ቀድመው ከመጡም ምክንያቱን በግልጽ ይጻፉ። በተለይ እዚህ ከኖሩ በኋላ የተጋባችሁ ከሆነ ይህ አንቀጽ በደንብ ይሠራበት፤ አስፈላጊ ሆኖ ካገኙት ከማመልከትዎ በፊት ፈቃድ ያለው የካናዳ ጠበቃ ያማክሩ።

ቀኖቹ ከ730 ካነሱ አይደብቁት። ሕጉ የሰብአዊነት ምክንያቶችን፣ በተለይም የልጆችን ጥቅም፣ እንዲታዩ ይፈቅዳል። የወላጅ ሕመም፣ የልጅ ሕክምና፣ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ካለ ከነማስረጃው ያስገቡ። በኋላ በይግባኝ ከማንሣት አሁን ማንሣቱ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ማመልከት

ፒአር ካርድ የሚሰጠው ካናዳ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሆነው የሚጠይቁት የቋሚ ነዋሪ የጉዞ ሰነድ ነው፤ ቅጹ አይኤምኤም 5524፣ ክፍያው 50 የካናዳ ዶላር። ቅጹ ከካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፤ ማመልከቻው በዚያው በቋሚ ነዋሪነት ፖርታል ይገባል። በብር የሚሠራ የአገር ውስጥ ካርድ ላይሠራልዎት ስለሚችል በባለቤትዎ የካናዳ ካርድ ይክፈሉና ደረሰኙን ያያይዙ።

ባዶ ቦታ አይተዉ። የማይመለከትዎትን «አይመለከተኝም» ብለው ይሙሉት፤ ያልተሟላ ማመልከቻ ሳይታይ ይመለሳል። ሲፈቀድልዎ ፓስፖርቱን በተነገረዎት መንገድ ያስገባሉ። ፓስፖርት የሚቀበሉት የማመልከቻ ማዕከል ሠራተኞች ውሳኔ አይሰጡምና «ያልቅልኝ» ብለው አይለማመጧቸው፤ ገንዘብም አይስጡ።

ደረጃ 8፦ ቦሌ፣ ድንበር፣ ከዚያ ካርዱ

የጸና ፒአር ካርድ ወይም የጉዞ ሰነድ ከሌለዎት አየር መንገዱ አያሳፍርዎትም፤ ባለቤትዎ የካናዳ ፓስፖርት ይዞ አጠገብዎ ቢቆምም። ቲኬት ሰነዱ ሳይወጣ አይቁረጡ። የጉዞ ሰነዱ በአብዛኛው ለአንድ ጉዞ ስለሆነ ለመመለስ አያገለግልም ብለው ያቅዱ።

የማስረጃውን ቅጂ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የድንበር ሠራተኛው ስለ ቀኖቹ ሊጠይቅዎት ይችላል። ካናዳ ከገቡ በኋላ ካርዱን በቅጽ አይኤምኤም 5444 ያድሱ። ተመልሰው አዲስ አበባ ለመኖር ካሰቡ ካርዱ እጅዎ ሳይገባ አይውጡ።

ከተከለከሉ

ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለዎት። ይግባኙ የሚቀርበው ለካናዳ የስደት ይግባኝ ክፍል ነው። ይግባኝ ካልጠየቁ ውሳኔው ይጸናል፣ ፒአሩ ያኔ በእርግጥ ይጠፋል። ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ካናዳ ከነበሩ፣ ይግባኙ እስኪታይ ወደ ካናዳ ለመሄድ የጉዞ ሰነድ ይሰጥዎታል፤ በይግባኙ ለመከራከርም እዚያ መሆኑ ይረዳል።

ማስጠንቀቂያ

⚠ የተሠራ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ወደኋላ ቀን የተጻፈበት ውል፣ ያልኖረበትን «ኖሯል» የሚል ምስክር አያቅርቡ። በካናዳ ሕግ የሐሰት መረጃ ፒአርን ያሳጣል፣ ለ5 ዓመትም ያግዳል። እውነተኛ 600 ቀን ይዞ ስለ ልጆቹ የሚከራከር ሰው ዕድል አለው፤ ሐሰተኛ 900 ቀን የያዘ ግን አንድ ወረቀት ከተያዘበት እውነተኛዎቹ ወረቀቶቹም አይታመኑለትም።

⚠ «ዘመዴ ቶሮንቶ ሆኖ ካርዴን ያሳድስልኛል፣ በሰው ይልክልኛል» የሚለውን ይርሱት። ማመልከቻው ካናዳ ውስጥ ነኝ የሚል መግለጫ ስላለው ሐሰት መፈረም ይሆናል።

⚠ «ፒአሩን ትተሽ በቪዚት ቪዛ ግቢ፣ ይቀላል» የሚል ደላላ ሲያጋጥምዎ አይፈርሙ። በፈቃድ መተውያ ቅጽ (አይኤምኤም 5782) ከጸደቀ በኋላ ፒአሩ እንደ ገና የሚገኘው ከዜሮ ተጀምሮ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- የባለቤትን ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ማያያዝ። የሚፈለገው የሁሉም ገጽ ቅጂ ነው፣ የባዶዎቹም ጭምር።
- ካርዱ ኤክስፓየር እስኪያደርግ መጠበቅ። መስኮቱ በየቀኑ ስለሚንሸራተት ካናዳ የኖሩባቸው የድሮ ቀኖች ከኋላ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ከባለቤትዎ ጋር አሁን አብራችሁ ካልሆናችሁ እያንዳንዱ የዘገዩበት ወር ያጎድልብዎታል።
- እነዚህን ቀኖች ለዜግነት ማመልከቻ መቁጠር። ለዜግነት በ5 ዓመት ውስጥ 1095 ቀን ካናዳ ውስጥ በአካል መገኘት ያስፈልጋል። እዚህ አብረው የኖሩበት ጊዜ ፒአሩን ያቆይልዎታል፤ ባለቤትዎ ውጭ አገር የተመደበ የካናዳ መንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ በቀር ለዜግነት አይቆጠርም።
- የፍቺ ወይም የመለያየት ቀንን አለመጥቀስ። ከተለያያችሁበት ቀን በፊት ያለው አሁንም ይቆጠርልዎታልና የሚያስደብቅ ነገር የለም። የቀድሞ ባለቤትዎ የፓስፖርት ቅጂ ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ የጠየቁበትን መልእክት ቅጂ ከደብዳቤዎ ጋር ያያይዙና በእርስዎ እጅ ባሉት ማስረጃዎች ያመልክቱ።